የጊዮርጊስን ሥዕል ከታች ወደ ላይ ማንበብ

አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። የሚያዝያ ጊዮርጊስ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ የጽዋ ማኅበር ትልቅ ሥዕል ከነፍሬሙ አዘዘኝ። ሥዕሎቹ ከአዲስ አበባ ተጠቅልለው ነው የሚመጡልኝ። ጥቅሉን ፈታሁ። ፈረስ አየሁ፣ ጦር አየሁ፣ ከፈረሱ ሥር የወደቀ ነገር አየሁ። በቃ፣ ጊዮርጊስ ነው ብዬ ወርቃማውን ፍሬም ቆረጥኩ፣ መስታወቱን ወለወልኩ፣ አስረከብኩ።

በማግስቱ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ማለት ነው፣ ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ አልተቆጡም። ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙት፣ ነጠላውን ገለጥ አደረጉና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ፈረስ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የከሰለው?»

ፈረሱ ጥቁር ነው። ሥሩ የወደቀውም ዘውድ የደፋ ሰውዬ ነው። ለጊዮርጊስ ማኅበር መርቆሬዎስን ፍሬም አድርጌ ሰጥቻለሁ! ላኪው ነው የተሳሳተው ማለት ይቻል ነበር። ግን ሥዕሉን ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊቴ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረሰኛ ሥዕል ሳላነብ አልቆርጥም። ገዢም ሲመጣ አብሬ አነብለታለሁ። አዳማ ውስጥ ፍራንኮ አካባቢ አንድ በር ያላት ፍሬም ቤት ናት ያለችኝ፤ ወንበርም ሁለት ብቻ ነው። ግን በወር 23 ቀን ዋዜማ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶች ስላሉ፣ ወንበሮቹ አይበቁም። እዚህ የምጽፈው ለእነሱ የምነግረውን ነው። ሥዕሉን እንዴት ለይቶ መግዛት እንደሚቻል፣ ከዚያ ደግሞ ቤት ወስዶ ለልጅ እንዴት እንደሚተረክ።

ከፈረሱ ሥር ማን አለ?

ሁላችንም ሥዕል ስናይ መጀመሪያ ፊቱን እናያለን። እኔን የሸወደኝም ይኸው ነው። ፈረሰኞቹ ሰማዕታት ፊታቸው ይመሳሰላል። ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ዓይነ ትልቅ፣ ሁሉም ጦር ያዥ። መለያው ታች ነው።

ዘንዶ ካለ ጊዮርጊስ ነው። ዘውድ የደፋ ሰው ከፈረስ ወይም ከዙፋን ሲወድቅ ካያችሁ መርቆሬዎስ ነው፤ የወደቀው ደግሞ ዑልያኖስ ከሐዲው ነው። ሴት ከሆነች የተወጋችው፣ ሱስንዮስ ነው፤ እሷም ሕፃናት ትገድላለች የምትባለው ውርዝልያ ናት። ቴዎድሮስም ዘንዶ ሲወጋ የሚሳልበት ጊዜ ስላለ ዘንዶ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ወደ ላይ ከፍ ብላችሁ ፈረሱንና ዛፉን ታያላችሁ። ነጭ ፈረስ፣ ዘንዶ፣ ዛፍ ላይ ወይም ዛፍ ሥር ያለች ልጅ። ሦስቱ ከተገኙ አትጠራጠሩ፣ ክፈሉ።

ስለ መርቆሬዎስ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አይሆንልኝም፤ ዕዳ አለብኝና። ዑልያኖስ እውነተኛ የሮም ንጉሠ ነገሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ363 ከፋርስ ጋር ሲዋጋ በጦር ቆስሎ ሞተ። ማን እንደወጋው በዚያን ጊዜም አከራካሪ ነበር። መርቆሬዎስ ግን ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ በፊት በሮሙ ንጉሥ በዳኬዎስ ዘመን ሰማዕት የሆነ ወታደር ነው። ታዲያ እንዴት ወጋው? ቅዱስ ባስልዮስ በመርቆሬዎስ ሥዕል ፊት ቆሞ ሲጸልይ ሰማዕቱ ከሥዕሉ ላይ ጠፋ፤ ሲመለስ ጦሩ ደም ነበረበት ይባላል። ለፍሬም ሠሪ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ታሪክ የለም። ከመስታወት ኋላ ያስቀመጥከው ሰው ወጥቶ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

ፈረሱ ላይ አባቴን ጠይቁ

አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር። አዳማን የሚያውቅ ሰው ጋሪዋንም ያውቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ ምንጃር ገጠር ውስጥ በፈረስ ጀርባ ነው ያደገው። አሁን አርጅቶ ሱቄ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የፈረስ ሥዕል በመጣ ቁጥር ያሳዩኝ ይላል። ቅዱሱን ተሳልሞ ወዲያው ወደ ፈረሱ ነው የሚሄደው።

«አምባላይ ነው» ይላል ነጩን ሲያይ። ቀላ ካለ ዳማ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ካለበት ቦራ። የራሱ የጋሪ ፈረስ ቦራ ነበር፤ ስሙም ቦራ። ከዚያ መንቀፍ ይጀምራል። «ሁለት እጁን ጦሩ ላይ አድርጎ ዛቡን ማን ያዘለት?» እኔም እመልሳለሁ፤ «አባዬ፣ ቅዱስ እኮ ነው።» «ቅዱስ ቢሆንም ፈረሱ ፈረስ ነው።»

ግን ካስተማረኝ ነገር ሁሉ የምወደው የእግሩን ነው። የድሮውን የአገራችንን አሣሣል የተከተለ ሥዕል ካገኛችሁ የጊዮርጊስን እግር ጠጋ ብላችሁ እዩ። ጫማ የለውም። እርካቡ ትንሽ ቀለበት ናት፤ በአውራ ጣቱ ቆንጥጦ ነው የያዛት። የአገራችን ፈረሰኛ እንዲያ ነበር የሚጋልበው። ሠዓሊው የሮማን ወታደር አላየም፤ የጎረቤቱን ባላገር ነው ያየው። አሁን በብዛት የሚመጡት የማሽን ኅትመቶች ግን ሌላ ናቸው። ጥሩር አለ፣ ቀይ ካባ አለ፣ እስከ ጉልበት የታሰረ ጫማ አለ። ሁለቱንም እሸጣለሁ። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ ባዶ እግሩን ነው የምላችሁ፤ የልጅ ዓይን ቶሎ ያገኘዋል።

ዓይንም እንቁጠር። በድሮው አሣሣል ደግ ሰው ፊቱን ወደ እኛ መልሶ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉ ሰው በጎን ይሳላል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ናት የምትታየው። ለትንንሾች ይሄን ከነገራችኋቸው በኋላ ቤተ ክርስቲያን ወስዳችሁ ዝም በሉ። ራሳቸው «ይሄ ክፉ ነው፣ ያ ደግ ነው» እያሉ ግድግዳውን ይጨርሱታል።

ዛፉ ላይ ያለችው ልጅ

ብሩታዊት ትባላለች። የቤይሩቷ ልጅ ማለት ነው።

ይሄን ቃል በደንብ የሰማሁት ዐረብ ሀገር ሠርታ ከተመለሰች አንዲት ደንበኛዬ ነው። ቤይሩት ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ስለት ነበረባትና ትልቁን ሥዕል ልታሠራ መጣች። እንደ ልማዴ ከታች ጀመርኩላት፤ ዘንዶው፣ ፈረሱ፣ ዛፉ። «ብሩታዊት» ስላት ሳቀች። «ከተማዋ ውስጥ በስሙ የሚጠራ የባሕር ወሽመጥ አለ እኮ። ቅዳሜ ማታ ማዳም ልጆቹን ይዛ እዚያ አጠገብ ትንሸራሸር ነበር። እኔ ጋሪውን እየገፋሁ» አለችኝ። ስለ ካቴድራሉም ነገረችኝ። መሀል ከተማው ላይ በጊዮርጊስ ስም ሁለት ካቴድራሎች አሉ፤ አንዱ የማሮናውያን፣ አንዱ የግሪክ ኦርቶዶክስ፤ ከጎናቸውም ትልቅ መስጊድ አለ። ከዚያ ጣቷን መስታወቱ ላይ ልጅቷ ጋ አሳረፈች። «ብሩታዊትስ እኔ ነኝ። እኔም ወጥቼ የቀረሁ መስሎኝ ነበር።»

የጣቷን አሻራ ሳልወለውል ነው ያስረከብኳት።

በሦስት አፍ ተርኩ

አሁን ሥዕሉ ቤት ገብቷል። ልጆቹ ተሰብስበዋል፤ ቆሎው ቀርቧል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደናገረው። ሥዕሉ ላይ ያለው ሌላ፣ ገድሉ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ የታሪክ ሰዎች የሚያውቁት ሌላ። አንድ ላይ አቅልጠው ሲነግሩት ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ስልኩ ላይ አንድ ነገር ያነብና «ዋሽታችሁኛል» ይላል። ይሄ ነገር እኔው ቤት ደርሷል፤ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዘንዶ የሚባል ነገር ከሌለ ጊዮርጊስም የለም ብሎ አንድ ሰሞን አደረቀን።

ስለዚህ ሦስቱን በሦስት አፍ ንገሯቸው። አማርኛችን ለዚህ የተመቸ ነው። ለዘንዶው «ይባላል» በሉ። ለሰማዕትነቱ «ገድሉ ይላል» በሉ። በዓመተ ምሕረትና በቦታ ለሚታወቀው «ታሪክ ነው» በሉ። ልጅ ግሡን ይይዛል። አንድም ቀን ማብራራት አያስፈልጋችሁም።

በ«ይባላል» እንጀምር፤ ልጅ የሚፈልገው እሱን ነውና። ቤይሩት አጠገብ ሰዎች ዘንዶ ያመልኩ ነበር ይባላል። ዕጣ እያወጡ ሰው ይገብሩለታል። አንድ ቀን ዕጣው ለብሩታዊት ወጣ። ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረሱ ሲያልፍ ብቻዋን ቆማ አገኛት። ሂድ፣ አንተንም እንዳይበላህ አለችው። እሱ ግን አማትቦ ዘንዶውን በጦር ወጋው። አለቀ። ይሄን ከማንም በላይ አሳምራችሁ ንገሩት፤ ዘንዶውን አትሰስቱ።

እኔ ሱቅ ውስጥ ስነግር ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አሉ። የጎረቤቴ ልጅ «ዘንዶው ስንት ሜትር ነው?» አለኝ። ፍሬሙ ስድሳ በዘጠና ነው፣ ከዚያ አያልፍም አልኩት። እህቱ ትብሳለች። «ብሩታዊት ዛፍ ላይ ምን ትሠራለች? ዘንዶ ዛፍ አይወጣም እንዴ?» መልስ አጣሁ። አባቴ ከበሩ ሆኖ ጣልቃ ገባ፤ «ታች ብትሆን ፈረሱ ይረግጣታል።» እስካሁን ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ለትልልቆቹ ደግሞ ይሄንን ጨምሩ። በጣም ጥንታዊ በሆኑት የጊዮርጊስ የሰማዕትነት ጽሑፎች ውስጥ ዘንዶ የለም። እነዚያ ጽሑፎች እስከ 5ኛው መቶ ዓመት ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። የዘንዶው ታሪክ ከጊዮርጊስ ስም ጋር ተጽፎ የሚገኘው ከ11ኛው መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ነው። አውሮፓ ውስጥ በ13ኛው መቶ ዓመት በጣም ተስፋፋ፤ እነሱ ቦታውን ሊቢያ ያደርጉታል፣ እኛ ቤይሩት እንላለን። እንዲያውም በጆርጂያ አገር አንዳንድ ጥንታዊ ሥዕሎች ላይ ጊዮርጊስ የሚወጋው ዘንዶ አይደለም፤ ክርስቲያኖችን ያሳደደውን የሮም ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስን ነው። ከፈረሱ ሥር የወደቀ ንጉሥ! ይሄን ስሰማ ትንሽ ተጽናናሁ። የኔ ስህተት ያን ያህልም አልነበረችም። እርግጥ የማኅበሩ ሙሴ አልተቀበሉኝም። «ጆርጂያ ውስጥ ሱቅ ክፈቺያ» ነው ያሉኝ።

«ገድሉ ይላል» ሲሆን ሥዕሉን ትታችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። አባቱ ከቀጰዶቅያ፣ የእናቱ አገር ልዳ። ዱድያኖስ የሚባል ንጉሥ ሰባ ነገሥታትን ሰብስቦ ለጣዖት ስገዱ ይላል። ጊዮርጊስ ገንዘቡን ለድሆች በትኖ ይመጣና እምቢ ይላል። ሰባት ዓመት ያሠቃዩታል። ሦስት ጊዜ ይሞታል፣ ሦስት ጊዜ ይነሣል፤ በአራተኛው አንገቱን ይቆርጡታል። ጠንቋዩ አትናስዮስ መርዝ በጥብጦ አጠጣው፤ ምንም አልሆነም፤ ጠንቋዩ ራሱ አመነ። አቃጥለው አመዱን ደብረ ይድራስ ላይ በተኑት፤ ነፋሱ ሰብስቦ መለሰው።

እዚህ ውስጥ ለትንንሽ ልጆች የማልነግራቸው ብዙ ነው። መንኰራኩሩን፣ ችንካሩን፣ መጋዙን እዘለዋለሁ። ማታ የሚቃዠውን ልጅ ማን ያባብላል? በምትኩ የመበለቲቱን ቤት እነግራለሁ። ጊዮርጊስን አስረው አንዲት ድሃ መበለት ቤት ያስቀምጡታል። እንጀራ ስጪኝ ይላታል፤ የላትም። ልትለምን ወጥታ ስትመለስ የቤቷ ምሰሶ፣ ያ ደረቅ እንጨት፣ ለምልሞ ቅጠል አውጥቶ ጣራውን አልፎ ሄዷል። ማዕዱም ሞልቷል። ይሄን ስነግር ልጆቹ ቀና ብለው የሱቄን ምሰሶ ያያሉ። ባሕር ዛፍ ነው፤ ምስጥ ጀምሮታል።

«ታሪክ ነው» የሚባለው አጭር ነው። አጭር መሆኑን አትፈሩት። እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 303 ዲዮቅልጥያኖስ ኒቆሜድያ ላይ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው ከተማ፣ አብያተ ክርስቲያናት ይፍረሱ፣ መጻሕፍት ይቃጠሉ የሚል አዋጅ አወጣ። በዚያን ጊዜ የኖረው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ ዘቂሣርያ አንድ ነገር ጽፏል። ከፍ ያለ ማዕረግ ያለው አንድ ሰው አዋጁን ከተለጠፈበት ገንጥሎ በአደባባይ ቀደደው፤ ለዚህም ሞተ። ስሙን ግን አልጻፈም። በኋላ የመጡ ሰዎች ያ ሰው ጊዮርጊስ ሳይሆን አይቀርም አሉ። በነገራችን ላይ ይሄ ዲዮቅልጥያኖስ በ305 ሥልጣኑን ለቀቀና ገጠር ገብቶ ጎመን ተከለ። ተመለስና ንገሥ ሲሉት የጎመኔን ማማር ብታዩ አትጠይቁኝም ነበር አለ ይባላል። የስንቱን ደም አፍስሶ! የእሱ መንገሥ ግን ከቤተ ክርስቲያን አልጠፋም፤ ዓመተ ሰማዕታት የሚባለው የዘመን አቆጣጠር የሚጀምረው እሱ ከነገሠበት ከ284 ነው።

ሌላው ታሪክ ቦታ ነው። ልዳ ዛሬ ሎድ ትባላለች። ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ ሰዎች የሚያርፉበት አውሮፕላን ማረፊያ አጠገቧ ነው። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ጴጥሮስ ኤንያን የፈወሰባት ልዳ ያችው ናት። የጊዮርጊስ መቃብር የሚባለው እዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከሥር ነው፤ ከአጠገቡ ተያይዞ መስጊድ አለ። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መንገደኞች ልዳ ሄደው ተሳልመዋል። ደቡብ ሶርያ ውስጥ ኢዝራ በምትባል ከተማም በ515 በስሙ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። በሩ ላይ በግሪክኛ ተቀርጿል፤ የአጋንንት ማደሪያ የነበረው የእግዚአብሔር ቤት ሆነ ይላል። ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነው። ለወንድሜ ያሳየሁት ይሄንን ነው። ከሞተ 212 ዓመት በኋላ ያ ሁሉ ሰው ድንጋይ ጠርቦ በስሙ ቤት የሠራው ለማን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ትልቅ ነገር ነው።

ቀን ምረጡ

ሦስቱን በአንድ ማታ አትጨርሱት። ለዘንዶው የትኛውም ወር 23 ይበቃል። ለተአምሩና ለመበለቲቱ ጥር 18ን ምረጡ፤ ዝርወተ አፅሙ የሚባለው አመዱ የተበተነበት መታሰቢያ ነው። ለልዳ ደግሞ ኅዳር 7 አለ፤ እዚያ ያለው ቤተ ክርስቲያኑ የከበረበት ቀን ነው። ሚያዝያ 23 ያረፈበት፣ ዋናው በዓሉ ነው።

ሚያዝያ 23 ሁልጊዜ በፈረንጆቹ ሜይ 1 ላይ ይውላል፤ የሠራተኞች ቀን። ሱቅ ይዘጋል፣ ልጆች ቤት ናቸው። ደግሞ እዩት፤ ጊዮርጊስ የሚለው የግሪክ ስም ትርጉሙ መሬት የሚሠራ፣ ገበሬ ማለት ነው። እኛ ቤት ኮከብ፣ ፀሐይ እያልን እንተረጉመዋለን፤ ውዳሴ ነው። ገበሬ መሆኑን ስነግረው አባቴ ፊቱ በራ። «ታዲያ ፈረሱን ከእርሻ ነው የፈታው በይኛ» አለ።

የካቲት 23 ላይ ልጆች ስለ ዓድዋ መጠየቃቸው አይቀርም። እዚያም በሦስት አፍ ነው። ውጊያው የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ነው፤ የጊዮርጊስ ታቦትም ከሠራዊቱ ጋር ወጥቷል። ይሄ ታሪክ ነው። በነጭ ፈረስ ሆኖ ሲዋጋ ታየ፤ ይሄ ይባላል ነው። ላሊበላ ላይም እንዲሁ። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ቋጥኝ በመስቀል ቅርጽ ተፈልፍሎ ቆሟል፤ ሄዶ መንካት ይቻላል። ለኔ ሳትሠራ ቀረህ ብሎ ጊዮርጊስ በፈረሱ መጥቶ ላሊበላን ወቀሰው፣ የፈረሱም ኮቴ ግንቡ ላይ ቀረ የሚለው ይባላል ነው። ኮቴውን ያሳይዋችኋል፤ እዩት።

ወንድ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት ግን ስለ ኳስ ክለቡ ነው። አዎ፣ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ክለብ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው፤ ፈረሰኞቹ የሚባሉትም ለዚያ ነው። ከዚያ በኋላ አዳማ ከተማ ይበልጣል አይበልጥም ክርክር ይነሣል። እኔ የለሁበትም።

የሚሰቀልበት ቦታ

የአዳማ ፀሐይ ቀልድ አያውቅም። ሥዕሉን ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ከሰቀላችሁት በሁለት ዓመት ውስጥ ቀዩ ካባ ሮዝ ይሆናል። ዘንዶው አረንጓዴ ስለሆነ ከሁሉም በኋላ ነው የሚለቀው፤ መጨረሻ ላይ ዘንዶ ብቻ ቀርቶ ያየሁበት ቤት አለ። በር ፊት ለፊትም አይሁን። ነፋሳችንን ታውቁታላችሁ፤ ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተከሉት ዝም ብለው አይደለም። በሩ በአንዴ ሲወረወር ስንት መስታወት ወድቆ ተሰብሯል። ከአንድ ሚስማር ሁለት ሚስማር ይሻላል፤ ጎን ለጎን፣ አንድ ስንዝር ተራርቀው። ከኋላው ወረቀት ለጥፉበት፤ አቧራ አይገባም። መስታወቱን ስትወለውሉ ውሃውን ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አታፍስሱ፤ በጠርዙ ሰርጎ የቅዱሱን እግር ያበላሻል። ያንን አውራ ጣት።

መርቆሬዎስን አልሸጥኩትም። ሱቁ ውስጥ ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ወርቃማው ፍሬም እንዳለ ነው። ኅዳር 25 ሲደርስ ሻማ አበራለታለሁ። የማኅበሩ ሙሴ ለወርሃዊው ጽዋ ሲያልፉ በሩ ላይ ቆም ይላሉ፣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ወደ ላይ ያያሉ።

«ጥቁሩ አሁንም አለ?»

«አለ፣ አባባ። አልወጣም።»

«ጦሩን እይው እስቲ፣ ደም አለው?»

ቀና ብዬ አያለሁ። የሌለበትን ቀን አስታውሳለሁ ብል እዋሻለሁ፤ ሲታተምም ደም ነበረበት።